ማሽን የሚሠራው ማሽንና የሠራተኛው ዕውቀት

የአንድን አገር የኢንዱስትሪ ደረጃ ለመመዘን በገበያ ላይ የዋለውን የሸቀጥ ብዛት መቁጠር ብቻውን በቂ አይደለም። ከሸቀጡ በስተጀርባ ሸቀጡን ያመረተው ማሽን አለ፤ ከዚያም ማሽን በስተጀርባ እርሱን የሠራ ሌላ ማሽን አለ። ጨርቅ የሚሸምነው፣ ሸንኮራ የሚጨምቀው፣ የሲሚንቶ ድንጋይ የሚፈጨውና ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው መሣሪያ ሁሉ ዘንጉም ሆነ ጥርሱ አንድ ቀን በሌላ መሣሪያ ላይ ታስሮ የተፋቀ፣ የተቦረቦረና የተበሳ ብረት ነው። እንግዲህ የኢንዱስትሪ ሥሩ የሚገኘው ማሽን በሚሠራው ማሽን ዘንድ ነው። ስለ ፋብሪካዎች መከፈትና ስለ ምርት ዕቅድ መሟላት ብዙ ይነገራል፤ ስለዚህ ሥር ግን የሚነገረው እጅግ ጥቂት በመሆኑ ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናነሣው ወደናል።

ታሪክ የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው። ጄምስ ዋት የተሻሻለውን የእንፋሎት ሞተር ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1769 በስሙ ቢያስመዘግብም ሞተሩ ለዓመታት ወደ ተሟላ ሥራ ሊገባ አልቻለም። እንቅፋቱ የሐሳብ ድህነት አልነበረም። በሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰው ፒስተን እንፋሎት ሳያሾልክ እንዲገጥም፣ ክብነቱን የጠበቀ ትልቅ ሲሊንደር መቦርቦር የሚችል መሣሪያ በመታጣቱ ነበር። ጆን ዊልኪንሰን የተባለው እንግሊዛዊ የብረት ሥራ ባለቤት መድፍ ለመቦርቦር ከተሠራው መሣሪያ ተነሥቶ የሲሊንደር መቦርቦሪያውን እ.ኤ.አ. በ1775 ገደማ ባቀረበ ጊዜ የዋት ሞተር እውን ሆነ። ቀጥሎም ሄንሪ ሞድስሌይ እ.ኤ.አ. በ1800 ገደማ ለንደን ውስጥ መቁረጫውን ስለት ከሠራተኛው እጅ ወስዶ በሚንሸራተት የብረት መያዣ ላይ ያሰረበትን ቶርኖ አዳበረ። ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 በታተመው «ካፒታል» የመጀመሪያ ቅጽ ስለ ማሽኖች በጻፈው ምዕራፍ ይህችን የስለት መያዣ ለይቶ ያነሣት ያለ ምክንያት አልነበረም። ለተመልካች ዓይን ከቁም ነገር የማትገባ ዕቃ ናት፤ ነገር ግን ማሽንን በማሽን መሥራት የተቻለው በእርሷ አማካይነት ነው።

ከዚያ ዘመን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የቶርኖው፣ የሚሊንጉና የመብሻው ሥራ ተለያይቶ ቆይቷል። ቶርኖ ብረቱን አዙሮ ስለቱን ያስጠጋል፤ ሚሊንግ ደግሞ ብረቱን አስቀምጦ ስለቱን ያዞራል። ለትንንሽ ዕቃ ይህ መለያየት ብዙም አያስቸግርም፤ ሠራተኛው ዕቃውን ከአንዱ ፈትቶ በእጁ ይዞ ወደ ሌላው ይሄዳል። ነገሩ የሚከብደው ብረቱ ሲከብድ ነው። ለምሳሌ የአንድ መርከብ ወይም የኃይል ማመንጫ የናፍጣ ሞተር ክራንክ ሻፍት በከባድ ፕሬስ ተቀጥቅጦ የመጣ፣ ብዙ ቶን የሚመዝን ድፍን ብረት ነው። በተለመደው አሠራር መጀመሪያ ቶርኖ ላይ ይወጣል፤ ይፈታል፤ በክሬን ተነሥቶ ወደ ሚሊንግ ይሄዳል፤ ወረፋ ይጠብቃል፤ እንደገና ይታሰራል፤ ከዚያም ወደ መቦርቦሪያው፣ ከመቦርቦሪያውም ወደ መብሻው ይዞራል። በእያንዳንዱ ጊዜ ሠራተኞቹ መሃሉን ለማግኘት በመለኪያ ሰዓት ሲያስተካክሉ ሰዓታት ይፈጃሉ። ከከባድ ብረት ጋር የዋለ ሠራተኛ ሁሉ እንደሚያውቀው ስለቱ ብረቱን የሚቆርጥበት ጊዜ፣ ብረቱ በወርክሾፑ ወለል ላይ ተጋድሞ ተራውን ከሚጠብቅበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያንሳል።

ከጊዜው ብክነት ይልቅ የሚከፋው ደግሞ ስሕተቱ ነው። ብረቱ በተፈታና በታሰረ ቁጥር መሃሉ በጥቂቱ ይዛነፋል። በመጀመሪያው ማሽን ላይ የወጣው ክብና በሦስተኛው ማሽን ላይ የተበሳው ቀዳዳ በአንድ የፀጉር ስፋት ቢለያዩ፣ ያ ልዩነት ዘንጉ በሥራ ላይ ሲውል መንቀጥቀጥ ይሆናል፤ መንቀጥቀጡም ኩሽኔታውን ይበላል፤ የኩሽኔታው መበላት ሞተሩን ያቆመዋል። በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ በክሬን መንጠቆ ላይ የተፈጠረች ስሕተት ከዓመታት በኋላ በባሕር መካከል ወይም በጨለመ ከተማ ውስጥ ዋጋዋን ትጠይቃለች።

ለዚህ ችግር መልስ ሆኖ የመጣው ቶርኖንና ሚሊንግን በአንድ አካል ያጣመረው ባለ ብዙ ተግባር ከባድ ማሽን ነው። ብረቱን ጨብጦ የሚያሽከረክረው ዋና እንዝርት እንደማንኛውም ቶርኖ ያዞረዋል፤ ሲታዘዝ ግን በዲግሪ ክፍልፋይ ተለክቶ በተፈለገው ማዕዘን ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በዚህን ጊዜ ራሱ የሚሽከረከር ስለት የያዘው ሁለተኛው እንዝርት ቀርቦ የቆመውን ብረት ይፍቃል፣ ይበሳል፣ ጥርስ ያወጣለታል። ይህ የስለት ራስ በብረቱ ርዝመት ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ከመንቀሳቀሱም በላይ አንገቱን ስለሚያዘነብል በሰያፍ የሚገባውን የዘይት ቀዳዳ ሳይቀር ይበሳል። በጎኑ ብዙ ስለቶች የተሰደሩበት መደርደሪያ አለ፤ ማሽኑ አንዱን አስቀምጦ ሌላውን ራሱ ያነሣል። ረጅሙ ዘንግ በክብደቱ እንዳይጎብጥ በመካከሉ የሚደግፉት መያዣዎች አሉ። የዘንጉን ሆድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመቦርቦር የሚያገለግል ረጅም ክንድም ይታጠቃል። በመጨረሻም ስለቱን አስቀምጦ የመለኪያ ጣት በማንሣት የሠራውን ሥራ ራሱ ይለካል። ከነዚህ ማሽኖች ትልልቆቹ ከ1 ሜትር በላይ ውፍረትና ከ10 ሜትር በላይ ርዝመት ያለውን ብረት ይይዛሉ። የአውሮፕላን ማረፊያ እግር፣ የመርከብ መግፊያ ዘንግ፣ የተርባይን ዘንግ፣ የነዳጅ ጉድጓድ መቆፈሪያ ዕቃ፣ ፕላስቲክ እያቀለጠ የሚገፋው ጠመዝማዛ ዘንግ ሁሉ ከነዚህ ላይ ይወርዳሉ። አንድ ጊዜ ታስሮ፣ አንድ ጊዜ ተፈትቶ፣ ያለቀለት ዕቃ ሆኖ መውጣት፣ የአሠራሩ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወገኖች «እንዲህ ያለ ማሽን ካለ የባለሙያ ሠራተኛ ዘመን አበቃ» ሲሉ ይሰማሉ። ይህ አባባል ሥራውን ከሩቅ የሚመለከቱ ሰዎች አባባል ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ብረት በሙቀት ይለጠጣል። 1 ሜትር ርዝመት ያለው ብረት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር 0.012 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ይህ ከምንም የማይቆጠር ይመስላል። ነገር ግን 10 ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ በቀዝቃዛው ጧት ተለክቶ ከቀትር በኋላ በ5 ዲግሪ ቢሞቅ ርዝመቱ በ0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ለብዙ የዘንግ ክፍሎች የሚፈቀደው ልዩነት ደግሞ በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚቆጠር ነው። ሙቀቱ ከፀሐዩ ብቻ አይመጣም፤ ስለቱ ራሱ ሲቆርጥ ያሞቃል፤ እንዝርቱ ሲሽከረከር ያሞቃል። ማሽኑ የተወሰነውን አስቦ ማካካስ ይችላል። ሆኖም ሻካራው ፍቅ ካለቀ በኋላ ብረቱ እንዲበርድ ስንት ሰዓት እንደሚተው፣ መያዣው ዘንጉን ምን ያህል አጥብቆ ቢይዘው እንደማያጎብጠው፣ ስለቱ መንጫጫት ሲጀምር ፍጥነቱ ይቀነስ ወይስ ይጨመር የሚለውን የሚወስነው ብረቱን የሚያውቅ ሰው ነው። ይልቁንም እንዲህ ያለው ከባድ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚሠራው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ስለሆነ አበላሽቶ መማር የሚባል ነገር የለም። ሙከራው በቅድሚያ በኮምፒዩተር ላይ በምስል ይደረጋል፤ ምስሉን አይቶ «ይህ ክንድ ከመያዣው ጋር ይጋጫል» ብሎ የሚያስቆመው ግን አሁንም የማሽኑን ጠባይ የለመደ ዓይን ነው።

ይሁን እንጂ ጥያቄው የቴክኒክ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ዕውቀቱ በማን እጅ ይሁን የሚለውም ጥያቄ አብሮ አለ። በቁጥር ትእዛዝ የሚንቀሳቀሰው የመጀመሪያው ሚሊንግ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለሕዝብ ሲታይ ወጪው የተሸፈነው በአገሪቱ አየር ኃይል ነበር። በዚያው ዘመን ሌላ መንገድም ተሞክሮ ነበር፤ የሠለጠነው ሠራተኛ ሥራውን በእጁ ሲሠራ እንቅስቃሴው በማግኔት ቴፕ ይቀረጽና ማሽኑ ያንኑ ይደግመዋል። ታሪክ ጸሐፊው ዴቪድ ኖብል እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው «የምርት ኃይሎች» በተሰኘ መጽሐፉ እንዳብራራው ይህ ሁለተኛው መንገድ የተተወው በቴክኒክ ጉድለት ብቻ አልነበረም። ዕውቀቱ በወርክሾፑ ወለል ላይ ስለሚቀር አሠሪዎች አልወደዱትም፤ ትእዛዙ ከቢሮ ተጽፎ እንዲወርድ ፈለጉ። በዚህ ረገድ የኖብል ትንተና ሁሉን የሚያብራራ ባይሆንም ሊዘነጋ የማይገባ ሐቅ ይዟል። የማሽን ቅርጽ የሰዎችን ግንኙነት ይመስላል።

ሌላም መሸፋፈን የማይገባው ነገር አለ። በአራት ማሽን ላይ አራት ሠራተኞች ይሠሩት የነበረውን አንድ ማሽን ሲጠቀልለው ሦስቱ ወዴት ይሄዳሉ? ፕሮግራም መጻፍ፣ ስለት ማዘጋጀት፣ መለካት፣ ጥገና ማድረግ አዳዲስ ሙያዎች መሆናቸው እርግጥ ነው። እነዚህ ቦታዎች ግን በራሳቸው አይሞሉም። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት የሠለጠነ ሠራተኛ ይሞላቸዋል፤ ያልሠለጠነው ከበሩ ውጭ ይቀራል። ሥልጠናው ከግዢው በኋላ የሚታሰብ ከሆነ ለነባሩ ሠራተኛ አልታሰበም ማለት ነው።

ዕውቀትን ጠብቆ ማቆየት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመረዳት በኦስትሪያ የምትገኘውን የሊንዝ ከተማን መመልከት ይበቃል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1946 የመንግሥት ንብረት የሆነው የሊንዝ የብረታ ብረት ድርጅት በዓለም ላይ የታወቀው ኦክሲጅን እየነፋ ብረት በማጥራት ዘዴው ነው፤ ይህም ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1952 እዚያው ሊንዝ ሥራ ላይ ውሏል። በድርጅቱ ሥር ከባድ የቶርኖ ማሽኖችን የሚሠራ ክፍልም ነበር። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1985 በከባድ ኪሣራ ተናውጦ ክፍሎቹ ሲበታተኑ ይህ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1993 ደብሊው ኤፍ ኤል በሚል ስም ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮም ቶርኖንና ሚሊንግን ያጣመረውን ማሽን ብቻ ይዞ በዓለም ገበያ ላይ ቆይቷል። ድርጅቱ ሲፈርስ ያልፈረሰው ነገር ክራንክ ሻፍት እንዴት እንደሚታሰር የሚያውቁ ሰዎች ዕውቀት ነበር። ሕንፃና መጋዘን በሐራጅ ይሸጣል፤ እንዲህ ያለው ዕውቀት ግን አንዴ ከተበተነ በገንዘብ አይሰበሰብም።

ኃያላን መንግሥታት ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ቶሺባ ማሽን የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1982 ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ሌኒንግራድ ለሚገኘው የባልቲክ መርከብ ግንባታ ድርጅት በ9 አቅጣጫ የሚንቀሳቀሱ አራት ታላላቅ የመርከብ መግፊያ መቅረጫ ማሽኖችን ሸጠ። የቁጥር መቆጣጠሪያውን ያቀረበው ኮንግስበርግ የተባለው የኖርዌይ ድርጅት ነበር። ማሽኖቹ ወደ ሶቪየት ኅብረት የተላኩት በወረቀት ላይ ተራ ቶርኖ ተብለው ነው። ነገሩ ሲገለጥ አሜሪካ «የሶቪየት ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ድምፅ የቀነሰው በነዚህ ማሽኖች ነው» ስትል ከሰሰች። እ.ኤ.አ. በ1987 የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት በምክር ቤቱ ግቢ ቆመው የቶሺባን ራዲዮ በመዶሻ ሲሰባብሩ ታዩ፤ የእናት ኩባንያው ሊቀ መንበርና ፕሬዚዳንትም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ክሱ ምን ያህል እውነት ነበር የሚለው ብዙ አከራክሯል። ለእኛ የሚበቃው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ያን ሁሉ ቁጣ የቀሰቀሰው ሚሳይል አልነበረም፤ ብረት የሚፍቅ ማሽን ነበር።

በዚያ ዘመን ሽያጩን ይቆጣጠር የነበረው ኮኮም የተባለው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1994 ቢፈርስም ቁጥጥሩ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው የቫሰናር ስምምነት በአምስት አቅጣጫ በአንድነት የሚንቀሳቀሱና ከፍተኛ ትክክለኛነት ያላቸውን ማሽኖች በመቆጣጠሪያ ዝርዝሩ ውስጥ አስፍሯል። ከዚህም አልፎ አንዳንድ አምራቾች ማሽኑ ከተተከለበት ቦታ ሲነቀል የሚያውቅ መሣሪያ በውስጡ ያስቀምጣሉ። ማሽኑ ከተንቀሳቀሰ ራሱን ይቆልፋል፤ አምራቹ የመክፈቻ ቁጥር እስኪሰጥ ድረስም አይሠራም። ገዢው ዋጋውን ከፍሎ፣ በራሱ አዳራሽ ተክሎት፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ለማዛወር የሻጩን ፈቃድ ይጠይቃል። ንብረት የሚለው ቃል ትርጉም እዚህ ላይ ቆም ተብሎ ሊታሰብበት ይገባል።

ጉዳዩ ወደ አገራችን ሲመጣ ባዕድ አይደለም። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በየካቲት 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኤሌክትሪክ ሰጥቶ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ በየሠፈሩ ቦንድ የገዛው ነዋሪ፣ ከደመወዙ ያዋጣው ሠራተኛ ሁሉ የድካሙን ፍሬ አይቷል። የግድቡን 13 ተርባይኖች የሠሩት ግን የውጭ ኩባንያዎች ናቸው። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ተርባይን የሚሠሩ አገሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሆኖም ተርባይን ተተክሎ የሚረሳ ዕቃ አይደለም። ለአሥርተ ዓመታት ሲሽከረከር ይበላል፣ ይጠገናል፣ ክፍሎቹ ይለወጣሉ። የሚለወጠው ክፍል ሁሉ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ከሆነ የኤሌክትሪኩ ዋጋ በከፊል ከአገር የሚወጣ የውጭ ምንዛሪ ነው።

ይህ ሲባል ግን ነገ ጧት ትልቁን ባለ ብዙ ተግባር ማሽን እንግዛ ማለታችን እንዳይመስል። እንዲያውም ተቃራኒውን ነው የምንለው። ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአገራችን የስኳር ፋብሪካዎች ሸንኮራውን የሚጨምቁት ጥርስ ያላቸው ከባድ ሲሊንደሮች እየተበሉ በየጊዜው ቶርኖ ላይ የሚወጡ፣ ጥርሳቸውም እንደገና የሚወጣላቸው ናቸው። የአርማታ ብረት የሚዳምጡት ሲሊንደሮችም እንዲሁ ናቸው። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጠንካራና ትልቅ ቶርኖ፣ ጥሩ ስለትና ልምድ ያለው ሠራተኛ ነው። በ5 አቅጣጫ የሚንቀሳቀስ ማሽን ገዝቶ ክብ ብረት ብቻ ማስፋቅ ለጤፍ መውቂያ አውሮፕላን እንደ መግዛት ነው። ባለ ብዙ ተግባሩ ማሽን ዋጋውን የሚመልሰው ዕቃው ብዙ ዓይነት ሥራ ሲፈልግ፣ ሥራውም ሳይቋረጥ ሲመጣ ነው። ያለ በቂ ሥራ የቆመ ውድ ማሽን ከሌለ ማሽን የበለጠ ጉዳት አለው፤ ለጎብኚ የሚታይ ጌጥ ይሆናልና። እንዲህ ያለ ጌጥ በየትኛውም ታዳጊ አገር ብርቅ አይደለም።

መንገዱ ደረጃ በደረጃ ነው። አቃቂ ላይ የመለዋወጫ ዕቃዎች ፋብሪካ መቋቋሙ ፍላጎቱ የቆየ መሆኑን ያሳያል። ዛሬም በየከተማው ጋራዥ አጠገብ ያለው ቶርኖ ቤት ከውጭ የማይገኘውን መለዋወጫ አይቶና ለክቶ የሚሠራ ነው። ባለሙያው አብዛኛውን የተማረው በጆሮውና በጣቱ ነው፤ ብረቱ ሲጮህ ያውቃል። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቱ ተማሪ ደግሞ የቁጥር ማሽኑን ቋንቋ ይማራል፤ ከባድ ብረት ግን አልነካም። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ እምብዛም የለም። በየሠፈሩ ያሉ ማኅበራት ልጆቻቸውን ለሥልጠና ሲያስመዘግቡ «ኮምፒዩተሩ ሰንት ነው» ብለው እንደሚጠይቁ ሁሉ «በወርክሾፑ የሚያስተምረው ባለሙያ ማን ነው፤ ተማሪው በሳምንት ስንት ሰዓት ብረት ይቆርጣል» ብለው መጠየቅ ይገባቸዋል። ቁጥሩን ያለ ብረቱ የተማረ ወጣት ፕሮግራሙን ይጽፋል እንጂ ስለቱ ለምን እንደተሰበረ አያውቅም።

የፋብሪካ ሠራተኞችም ከባድ ማሽን ሊገዛ ነው ሲባል ውይይቱ ስለ ዋጋው ብቻ እንዳይሆን ድምፃቸውን ማሰማት ይኖርባቸዋል። በውሉ ላይ መጻፍ ያለበት ብዙ ነገር አለ። ማሽኑ የሚቆምበት የሲሚንቶ መሠረት ምን ያህል ጥልቀት እንዳለው፣ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ በሥራ መካከል ያለው ብረትና ስለት ምን እንደሚሆኑ፣ የወርክሾፑ ሙቀት በምን እንደሚጠበቅ፣ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ ከማሽኑ በፊት መታወቅ አለበት። የመክፈቻ ቁጥሩ በምን ያህል ቀን ውስጥ እንደሚሰጥ መጻፍ አለበት። ከሁሉም በላይ ቢያንስ ሁለት የቶርኖ፣ አንድ የጥገናና አንድ የፕሮግራም ሠራተኛ ማሽኑ ገና በአምራቹ አዳራሽ ውስጥ ሲገጣጠምና የመጀመሪያውን ዕቃ ሲሠራ ከጎኑ ቆመው የሚያዩበት ጊዜ ከዋጋው ጋር አብሮ መጠየቅ አለበት። ሻጭ ይህን ጊዜ የሚሰጠው ክፍያው ከመጠናቀቁ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቀን በውጭ ምንዛሪ ይታሰባል።